ደረቅ ወይራ

ሁሉም እርሳስ አይሸትም። አሁን አሁን የሚመጣው ርካሹ ሲቀረጽ ቀለም ቀለም ይላል። ከስንት አንዱ ግን መቅረጫው ውስጥ ሲዞር የጥድ ሽታ ያወጣል። ባለፈው ሳምንት የልጄን እርሳስ ስቀርጽ ያ ሽታ አገኘኝና ፍቅፋቂውን መዳፌ ላይ ይዤ ቀረሁ። «እማ፣ ጨረስሽው እኮ» አለችኝ ልጄ። እውነቷን ነው፤ ሳላውቀው አዲሱን እርሳስ አጋምሼዋለሁ።

ይህ ሽታ ለእኔ አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ሽታ ነው። ስለዚያ ዓመት ስናገር ትንሽ እንደምፎክር ከወዲሁ ልናዘዝ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ነገር ተሸንፌአለሁ። ያን ዓመት ግን አሸንፌአለሁ፤ ምስክሮቹም እስካሁን ጣሪያ ተሸክመው ቆመዋል።

መንደራችን ከመካነ ሰላም ቁልቁል በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖ ነበር። ትምህርት ቤታችን እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበር የሚያስተምረው። ከዚያ በላይ የሚማረው ወይ መካነ ሰላም ዘመድ ያለው ነው፣ ወይ በየቀኑ ገደሉን ወጥቶ የሚወርድ እግረ ብርቱ ወንድ ልጅ ነው። እኔ ከሁለቱም አልነበርኩም።

በዚያ ዓመት በጥር ወር መምህራችን ደሳለኝ ወላጆችን ሰብስበው አንድ ነገር ተናገሩ። የመካነ ሰላም ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ሲናገሩ ጠመኔ የያዙ ይመስል ጣታቸውን የሚያሹ። «ወረዳው የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ሊሰጠን ተስማምቷል። ክፍሉን የምንሠራው ግን እኛ ነን። እስከ ግንቦት መጨረሻ ጣሪያ ያለው ክፍል ካልቆመ አስተማሪው ለሌላ ቀበሌ ይሄዳል» አሉ።

ድንጋይ ሞልቷል፤ ጭቃም እንደዚያው። የቸገረው እንጨት ነበር። የፊተኛው ክፍል በባሕር ዛፍ ተሠርቶ፣ ቋሚዎቹን ምስጥ በልቷቸው፣ በሦስተኛው ዓመት በጉልበቱ ተንበርክኮ ነው የቀረው። ምስጥ የማይደፍረው ጥድ ነው። የቆመ ጥድ መቁረጥ ደግሞ ተከልክሏል።

ማታ ራት ላይ እናቴ ዘይነባ ወሬውን ሰምታ ሳትቆጣም ሳትስቅም ተናገረች። «አቀስታ ያለችው አክስትሽ ሕፃን የሚይዝላት ትፈልጋለች። ክፍሉ ከተሠራ ትማሪያለሽ። ካልተሠራ መስከረም ላይ ትሄጃለሽ።» አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ የቤቱ ቃል የእናቴ ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገሩን የተናገረችው ክረምት ይገባል እንደሚባለው ነው። አቀስታን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ትዝ የሚለኝ ጥርስ የሚቆረጥም የእንስራ ውሃና እንደ እኔ ያለች አንዲት ልጅ ሕፃን አዝላ ደጅ ቆማ ተማሪዎች ሲያልፉ ስታይ ነው። ያች ልጅ መሆን አልፈለግሁም።

አባባ የምላቸው የእናቴ አባት፣ አባ ይመር፣ የሸሁ ግቢ ኻዲም ነበሩ፤ ጠባቂ ማለት ነው። ግቢው ከመንደሩ በላይ ነው፤ በድንጋይ ካብ የታጠረ። መሃሉ ላይ የሸሁ መቃብር አለ፤ ከመቃብሩ ጎን ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይከበው ጥድ ነበር። በአባባ አባት ዘመን ሁለት ቤተ ዘመድ ደም ተቃብቶ መንደሩ ሊጠፋ ሲል፣ ሸሁ ሁለቱንም ወገን ከዚያ ጥድ ሥር አስቀምጠው አስታረቋቸው ይባላል። ሊሞቱ ሲሉም ከሕዝቡ አንድ ቃል ተቀበሉ፦ በዚህ ግቢ ውስጥ ብረት እንዳይነሳ። ከዚያ ወዲህ ወደ ግቢው የሚገባ ሁሉ ጠመንጃውንም፣ ማጭዱንም፣ ቢላዋውንም በሩ አጠገብ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ነው የሚገባው።

ይህን ቃል ከመንደሩ ሰው ሁሉ ይበልጥ አጥብቄ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የቀሚሴን መርፌ ቁልፍ ሳይቀር ፈትቼ ድንጋዩ ላይ አስቀምጥና ቀሚሴን በእጄ ጨብጬ እገባለሁ። አባባ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ። «በመርፌ ቁልፍ ማንን ልትወጊ ነው?» አሉኝ። እኔ ግን መፍታቴን አልተውኩም። አባባ ቢስቁ ሸሁ ላይስቁ ይችላሉ ብዬ ፈራሁ።

በየካቲት ነፋስ ጥዱ ወደቀ።

ግርጌው በስብሶ ኖሯል፤ ከሥሩ ተገንጥሎ በግቢው ርዝመት ተጋደመ፤ ጫፉ ካቡ ላይ ተሰባበረ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ሴቶች አለቀሱ። አባባ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ስለነበር በእጃቸው ከግርጌው እስከ ጫፉ ዳሰሱትና አጠገቡ ተቀመጡ። «ሸሁ ልጅ ማስተማር ይወዱ ነበር። ወድቆ የሰጠንን አንተወውም፤ ለትምህርት ቤቱ ይሁን» አሉ።

ደስታው አንድ ቀን ብቻ ቆየ። በማግስቱ አርባ ያህል ወንዶች ገመድ አስረው ግንዱን ሊጎትቱ ሞከሩ፤ ስንዝር አልሄደላቸውም። እዚያው እተጋደመበት መፈለጥ ነበረበት። መፈለጥ ደግሞ መጥረቢያ ይፈልጋል፤ መጥረቢያው ብረት ነው፤ በግቢው ብረት አይነሳም።

የመንደራችን እንጨት ሰንጣቂ አያ ሙሔ ይባላል። ግንድ ሲፈልጥ ስንጥቁ ውስጥ እየሰካ የሚመታቸው ሁለት የብረት ሽብልቆች ነበሩት፤ ከልጆቹ አስበልጦ ይወዳቸዋል እየተባለ ይታማ ነበር። ሁለቱንም በጆንያ ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ።

«አባ ይመር፣ ሽብልቅ እኮ ስለት የለውም። የጦር መሣሪያ አይደለም» አለ።

«ብረት ነው አይደለም?»

«ብረትስ ብረት ነው።»

«ቃሉ ብረት ነው የሚለው።»

መምህር ደሳለኝ ክርስቲያን ናቸው፤ ደንቡን እንዳያበላሹ ተጨንቀው «የእኔ ቀበቶስ? ዘለበቱ ብረት ነው» ብለው ጠየቁ። አባባ «አንስተህ ሰው ካልገረፍክበት ሱሪህን ይያዝልህ» አሏቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ሙሔ ግን አልሳቀም። «ታዲያ በጥርሳችን እንፍለጠው?» አለ።

«በእንጨት እንፈልጠዋለን» አሉ አባባ። «አባቴ በወይራ ሽብልቅ ሲፈልጥ አይቻለሁ።»

«ማን ይሠራዋል? አንቱ አያዩ፣ እኛ አናውቀው።»

«እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ድምፄ ከየት እንደወጣ እኔም አላውቅ። ሰዉ ዞሮ አየኝ፤ አያ ሙሔ አፉን ሊከፍት ሲል አባባ ቀደሙት። «እሷ ዓይኔ ናት። እጄን ደግሞ አበድራታለሁ» አሉ። ያን ሰዓት አንድ ክንድ ያደግሁ መሰለኝ።

አባባ ሽብልቅ ሲያስተምሩኝ ሁሉንም በጣት ነበር። ርዝመቱ ስንዝርና አራት ጣት፤ ራሱ ሦስት ጣት ውፍረት፤ አፉ የጥፍር ያህል። «ቀስ ብሎ የሚወፍር ይሁን» ይሉኛል እየዳሰሱ። «ዳገቱ ድንገት ከሆነ ግንዱ ይተፋዋል። አህያም ድንገተኛ ዳገት አትወድም።» አዲስ የተቆረጠውን ወይራ በመጥረቢያ እጠርባለሁ፣ በስባሪ ጠርሙስ እፍቃለሁ፣ የራሱን ጠርዝ አለዝበዋለሁ፤ ሲመታ እንዳይፈነዳ ራሱን በእርጥብ ጠፍር አስረዋለሁ። ጠፍሩ ሲደርቅ ጨምድዶ ይይዘዋል። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ ጠነከረ። ከዚያ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ በጭስ እንዲደርቅ እሰቅለዋለሁ።

ድርቀቱ የሚታወቀው በጉንጭ ነው። ሽብልቁን ጉንጭ ላይ ሲያሳርፉት ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና ውሃ አለ። ሌላም መለያ አለው፤ ሁለቱን ሲያጋጩት የደረቀው እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ግን ዱብ ብሎ ይቀራል። «ውሃ የጠጣ ሽብልቅ ሰካራም ነው፤ በመጀመሪያው ምት ይወድቃል» ይሉ ነበር አባባ። እኔም በየማለዳው ተንጠራርቼ ጉንጬን እለጥፍበታለሁ። ይቀዘቅዛል። በማግስቱም ይቀዘቅዛል።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ሦስት ሳምንት እንዳለፈ እናቴ ለአክስቴ በነጋዴ ቃል ስትልክላት ሰማሁ፤ «ልጅቱ ሳትመጣ አትቀርም፣ ሌላ አትፈልጊ» እያለች። የዚያን ለት ሽብልቆቹን ከቆጡ አውርጄ እሳቱ ዳር ደረደርኳቸው። ሁለት ቀን አገላበጥኳቸው። ውጫቸው ሞቀ፣ ጉንጬንም አልቀዘቀዘኝም፤ እሳት ዳር የዋለ ነገር መቼም አይቀዘቅዝም። አንዳንዱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አየሁ፤ በጥላሸት አሸሁት።

«ሰዓዳ፣ ደርቀዋል?» አሉኝ አባባ።

«ደርቀዋል።»

«እስቲ ጉንጬ ላይ ላድርጋቸው።»

«እኔ አድርጌአቸዋለሁ አባባ። ደርቀዋል።»

ዘርግተውት የነበረውን እጃቸውን መለሱ። «እንግዲያው ደርቀዋል» አሉና ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰው እንዲሰበሰብ አስነገሩ።

ያን ዓርብ መቼም አልረሳውም። በተሰባበረው የግንዱ ጫፍ ላይ የነበረውን ስንጥቅ መርጠን አራት ሽብልቅ ሰካን። የመጀመሪያውን እንድመታ መዶሻው ለእኔ ተሰጠኝ፤ ከወይራ ጉማጅ የተሠራ የእንጨት መዶሻ ነው። እኔ ግን ሸሁ ከግንዱ ሥር የተኙ መስሎኝ ነበርና እንዳልቀሰቅሳቸው ቀስ ብዬ ነካሁት። አባባ ገባቸው። «ሸሁን መዶሻ አይቀሰቅሳቸውም፤ ሐሜት ነው የሚቀሰቅሳቸው። ምችው» አሉኝ። መታሁት። ከእኔ ቀጥሎ አያ ሙሔ በሙሉ ጉልበቱ መታ። አንደኛው ሽብልቅ እንደ ሸንኮራ ተቆረጠ። ሁለተኛው ለሁለት ተሰነጠቀ። ሦስተኛው አፉ ተጨማድዶ እንደ አበባ ተበተነ። አራተኛው ተስፈንጥሮ ከመምህር ደሳለኝ እግር ሥር ወደቀ፤ ከተሰነጠቀው ሆዱ እርጥበቱ ያብለጨልጭ ነበር።

ሰዉ አጉረመረመ። አያ ሙሔ ስባሪውን አንስቶ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ። ለእኔ ነው የተናገረው፤ ልክ ስለነበረም ይበልጥ አመመኝ። አባባ ግን ተነሥተው ቆሙ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳልፈትን ነው ያመጣሁት» አሉ ለሕዝቡ። ስሜን አላነሱም።

ወደ ቤት ስንመለስ እጃቸውን ይዤ መንገዱን እየመራሁ ነበር። ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደሄድን «እሳት ዳር አደረግሽው?» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እያለቀስኩ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልተቆጡኝም። «ሰው ይዋሻል፤ እንጨት ግን አይችልበትም። ስትመችው ሆዱን ከፍቶ ይነግርሻል» አሉ። «አሁን አዲስ ወይራ ብንቆርጥ መቼ ይደርቃል አባባ?» አልኳቸው። «ከጥቅምት ወዲህ አይደርቅም።» ቤት እንደገባን የተረፈውን ረጅሙን የወይራ ጉማጅ ቆጡ ላይ እንድሰቅለው አዘዙኝ። «ለማይቸኩል ሰው ይሆናል» አሉ። ሰቀልኩት፤ ለማን እንደሚሆን ግን አልገባኝም። ለእኔ መስከረም ላይ የአቀስታ ብርድ ነበር የሚጠብቀኝ።

በማግስቱ ጠዋት ተኝቼ እናቴ በርበሬ ስትወቅጥ እሰማለሁ። ዘነዘናው ሙቀጫውን በነካ ቁጥር ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣል። ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። ይህ ድምፅ የማውቀው ነው፤ ሁለት ደረቅ ወይራ ሲጋጭ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ለካ ደረቅ ወይራ በየቤቱ አለ፤ ያውም አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት የደረቀ። የዶማው እጀታ ወይራ ነው። ከማረሻው ግራና ቀኝ የሚታሰረው ድግርም ወይራ ነው፤ ሲያልቅ ከጓሮ ይጣላል። የተሰበረው ከዘራ ወይራ ነው። እኔ ያልደረቀ ወይራ በእሳት ሳሰቃይ የደረቀው በየጓሮው ተጥሎ ዶሮ ይሰፍርበት ነበር።

ቁርስ ሳልቀምስ ወጣሁ። ቤት ለቤት እየዞርኩ «ያለቀ ድግር፣ የተሰበረ እጀታ ስጡኝ» እላለሁ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ቀጥሎ ጓሮውን ገባና ፈተሸ። አንዲት አሮጊት የአልጋዋን ቋሚ ነቅላ ሰጠችኝ፤ «እኔ በድንጋይ እደግፈዋለሁ፣ አንች ተማሪ» አለችኝ። ከሁሉ የከበደኝ የአያ ሙሔ ደጅ ነበር። ወደ ጓዳ ገብቶ የተሰበረ የመጥረቢያ እጀታ አወጣልኝ። «ብረቱን አልሰጥሽም። ብሰጥሽም አባ ይመር አያስገቡሽ» አለኝ። ያኔ ነው ሲስቅ ያየሁት።

የእናቴን ዘነዘና ግን ለመጠየቅ አፌ አልተከፈተም። የእናቷ ነው፤ ስትዳር ይዛው የመጣችው። መሃሉ በእጅ ብዛት ቀጥኖ ይብለጨለጫል። እናቴም ስጠርብ እያየች «ተይ»ም «በርች»ም አላለችኝም።

አሥራ ስምንት ሽብልቅ ወጣኝ። አንድ በአንድ ጉንጬ ላይ አሳረፍኳቸው። ከዚያ ተሸክሜ ወሰድኩና ሳይጠይቁኝ የአባባ ጉንጭ ላይ አደረግኳቸው። በአሥራ ስምንተኛው ላይ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ሚያዝያ ማለቂያ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ መንደሩ እንደገና ተሰበሰበ። ብረቱ በሩ ላይ ቀረ፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ ሞልቶ መሬቱ ላይም ተደረደረ። እኔም መርፌ ቁልፌን ጨመርኩበት። ሽብልቆቹ እንዳይንሸራተቱ አመድ ቀባኋቸው። አባባ ግንዱ ላይ ጆሯቸውን አስደግፈው ተቀመጡ። «አንዱን ብቻ አትደብድቡ። ሁሉንም በየተራ፣ አንድ አንድ» አሉ።

ተመታ። አንደኛው ያዘ። ሁለተኛው ያዘ። በአራተኛው ዙር ከግንዱ ውስጥ እንደ ቆሎ መንጣጣት ያለ ነገር ሰማን። አባባ እጃቸውን ሲያነሱ መዶሻው ቆመ። «እየተናገረ ነው። ቀጥሉ» አሉ። ስንጥቁ እንደ ጉንዳን መንገድ ቀስ እያለ በቅርፊቱ ላይ ሄደ። ከኋላ የላላውን ሽብልቅ ነቅዬ ከፊት እሰካለሁ፤ መምህር ደሳለኝና አያ ሙሔ እየተፈራረቁ ይመታሉ። የተሰነጠቀው አፍ ውስጡ ቀይ ነበር፤ ሽታው ግቢውን ሞላው።

ቀትር ላይ ከግማሽ በላይ ሄደን አንድ ትልቅ ጉጥ ጋ ቆመ። መቱ፤ አልሄደም። ሦስት ሽብልቅ ተሰበረ። ሌሎቹ ግንዱ ነክሷቸው አንወጣም አሉ። የቀሩት ሁለቱ አጫጭር ነበሩ፤ ጉጡ ጋ አይደርሱም። አያ ሙሔ ላቡን ጠርጎ ወደ በሩ ሄደና ከመጥረቢያው አጠገብ ቆመ። አላነሳውም።

«አባ ይመር፣ አፈር ስሆን። አንድ ምት። ይቺን ጉጥ አንድ ጊዜ ብቻ። ለልጅ ነው፣ ሸሁም ያውቃሉ» አለ።

መምህር ደሳለኝ መሬት መሬት ያያሉ። እውነቱን ልናገር፤ እኔ በሆዴ «እሺ በሉት፣ እሺ በሉት» እያልኩ ነበር። አባባ በማያየው ዓይናቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሽብልቁ ያንች ነው። ምን ትያለሽ?»

እሺ ካልኩ ለአምስተኛ ክፍል የቀረኝ አንድ ምት ብቻ ነው። ግን በዚያ ዓርብ «እንግዲያው ደርቀዋል» ብለው እጃቸውን ሲመልሱ ያየሁት ትዝ አለኝ። እኔን አምነው ነበር። ሸሁም ይህን ሕዝብ አምነው ነው የሞቱት። «ቃል ነው አባባ። አይነሳ» አልኩ፤ ተናግሬም ሳልጨርስ እንባዬ ወረደ።

እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል እናቴ ከሴቶቹ መሃል የለችም። ለአቀስታ መንገድ እቃዬን ልታዘጋጅ ሄዳ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጥቂት ቆይታ ቁና ቁና እየተነፈሰች በበሩ መጣች፤ ትከሻዋ ላይ ዘነዘናው ነበር። ወደ ውስጥ አልገባችም። አያ ሙሔ ፊት ቆመች።

«መጥረቢያህን አንሳው። እዚሁ ደጅ ሆነህ ይችን ጥረብልኝ» አለችው።

«ዘይነባ፣ ይህ የእናትሽ አይደለም እንዴ?»

«የእናቴ ነው። እናቴ በርበሬ ስትወቅጥበት ኖራ ፊደል ሳትቆጥር ሞተች። እኔም ሳልቆጥር ይኸው። እዚህ ላይ ይብቃ። ጥረበው።»

አያ ሙሔ ዘነዘናውን ተቀብሎ በሁለት እጁ መዘነው። ከዚያ ከበሩ አሥር እርምጃ ርቆ ጠረበው፤ እንደዚያ ተጠንቅቆ ሲጠርብ አይቼው አላውቅም። አባባ በጣታቸው እየዳሰሱ «ቀስ ብሎ ይወፍር፣ ቀስ ብሎ» ይሉታል። ረጅም ሽብልቅ ወጣ። እናቴ ራሷ ይዛው ገባች፤ ጉጡ አጠገብ ካለው ስንጥቅ ላይ አፉን ደገነችና ለእኔ «ጀምሪው» አለችኝ።

«ቢስሚላህ» ብዬ መታሁት። ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ጠዋት ጠዋት የምሰማው የእናቴ ድምፅ ነበር። አያ ሙሔ ተቀበለኝ፣ መምህር ደሳለኝ ተቀበሉ። በስድስተኛው ምት ጉጡ ተንቋቋ። በስምንተኛው ሽብልቁ ራሱ ድረስ ሰመጠና ግንዱ ከዚያ እስከ ግርጌው በአንድ ጊዜ ለሁለት ተከፈለ። ድምፁ እስከ ማዶው ገደል ሄዶ ተመለሰ ይላሉ፤ እኔ እልልታውን ብቻ ነው የሰማሁት። ቀዩ ሆዱ ለፀሐይ ተገልጦ ተጋደመ፤ መንደሩ ሁሉ እርሳስ እርሳስ ሸተተ። አያ ሙሔ አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። «በእንጨት እንጨት የፈለጠች ይቺ ናት» እያለ በግቢው ዞረ። እኔም አላፈርኩም፤ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ብቻ ነበር። ግማሾቹን ደግሞ ለሁለት ለሁለት ከፈልናቸው፤ አሁን የሚጎተቱ ሆኑ። ከበሩ ሲወጡ የአያ ሙሔ ብረት ተራውን አገኘ። ግንቦት ሳያልቅ ክፍሉ ጣሪያውን ለበሰ። ከተረፈው ሳንቃ የተሠራው ረጅም ወንበር ላይ መስከረም ሲገባ ከፊት ተቀመጥኩ። መምህሩ እርሳስ ቅረጹ ሲሉን በምላጭ ቀረጽኩ፤ እርሳሴም ወንበሬም አንድ ሽታ ሸተቱ። እርሳሱ ከእኛ ጥድ የተሠራ መስሎኝ ብዙ ጊዜ ኮርቼበታለሁ።

እናቴ «ልጅቱ አትመጣም» ብላ ወደ አቀስታ ሌላ ቃል ላከች። ራሷ ግን ያለ ዘነዘና ቀረች፤ ከጎረቤት እየተዋሰች ትወቅጥ ነበር። ሰው ሲጠይቃት «የእኔን አምስተኛ ክፍል አስገብቼዋለሁ» ትላለች።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ቆጡ ላይ የሰቀልነው ረጅሙ የወይራ ጉማጅ ለማን እንደሚሆን ያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር።

«ሰዓዳ፣ ያ ወይራ ደርቋል?» አሉኝ።

ገብቼ አወረድኩት። እናቴ ከጓዳ ሆና «ደርቋል በያቸው፤ ዘነዘና እየተዋስኩ ጎረቤት ማስቸገር ሰልችቶኛል» አለች። ጉንጬ ላይ አደረግሁት። ጫፍና ጫፉ ሞቋል። መሃሉ ጋ ግን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ቀዘቀዘኝ።

«አልደረቀም አባባ። አንድ ወር ይቀረዋል» አልኩ።

እጃቸውን ዘረጉ፤ አቀበልኳቸው። ጉማጁን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጥቂት ዳሰሱት፤ ከዚያ ጉንጫቸው ላይ ሳያደርጉት መለሱልኝ።

«እንግዲያው ይቆይ» አሉ። «መልሰሽ ስቀይው።»